ኢስናድ ያለው ጥናት

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ብዙዎቻችሁ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ናችሁና የዛሬው የጁሙዓ ትምህርታችን ስለዚያ ይሁን።

ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) አንድ ሰው ከአላህ መልዕክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) የሰማው ሐዲሥ እንዳለ ወሬው ደረሳቸው። ሰውየው ዐብዱላህ ኢብኑ ኡነይስ (ረ.ዐ) ናቸው፤ ያሉት ሻም ነው። ጃቢር ግመል ገዙ፣ አንድ ወር ተጓዙ፣ ሐዲሡንም ከራሳቸው አፍ ሰሙ። ለአንድ ሐዲሥ!

ኋላ የመጡት የሐዲሥ ዑለማዎችም ከሰንሰለቱ አንድ ሰው ለመቀነስ ሲሉ አገር አቋርጠዋል። ተድሊስ የሚሉት ነገርም አለ፦ ተራኪው ከሼኹ በቀጥታ ያልሰማውን፣ የሰማ በሚያስመስል አነጋገር «ከእገሌ» ብሎ ሲያወራ። ሹዕባ ኢብኑል ሐጃጅ በዚህ ላይ ምን ያህል ብርቱ እንደነበሩ ሙስጦለሕ የቀራ ያውቃል። ታዲያ ከሰው ጽሑፍ መጨረሻ የምንጭ ዝርዝር ገልብጦ፣ ያላነበበውን ጥናት ያነበበ የሚመስል ተማሪ ምን ይባላል? እኔ ሌላ ስም አላገኘሁለትም። ቻትጂፒቲ ደግሞ ጭራሽ የሌለ ጥናት በእውነተኛ ሰው ስም ፈጥሮ ሊሰጣችሁ ይችላል። ያ ተድሊስ አይደለም፣ መውዱዕ ነው።

አንድ ምሳሌ እንይ። «ስኳር ያለበት ሰው ረመዷንን ከፆመ ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ የመውረዱ ነገር 7.5 እጥፍ ይጨምራል» ሲባል ሰማችሁ እንበል። ስኳር ያለባት እናት ይህን ብትሰማ ምን ይሰማታል? ፐብመድ የተባለውን የሕክምና ጥናቶች ማውጫ ክፈቱና «ኤፒዲያር» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ። በ2004 እ.ኤ.አ. በዲያቤቲስ ኬር መጽሔት የወጣው ጥናት ይመጣል። ቁጥሩ እውነት ነው፤ ግን የዓይነት 2 ሕሙማን ነው። ለዓይነት 1 የተገኘው ጭማሪ 4.7 እጥፍ ገደማ ነው። ደግሞ 7.5 እጥፍ ሲባል፣ ከ1000 ሰው መካከል በወር 4 ጊዜ ያጋጥም የነበረው በረመዷን 30 ሆነ ማለት ነው። ቀላል አይደለም፤ ብቻውን የተነገረው ቁጥር የሚያስፈራውን ያህልም አይደለም። ጥናቱ ያለፈውን መለስ ብሎ በመጠየቅ የተሠራ ነው። የተካሄደው በ13 አገሮች ነው፣ ኢትዮጵያ ከነሱ ውስጥ የለችም። ይህን ሁሉ የሚነግራችሁ ወደ ምንጩ መሄድ ብቻ ነው። (እናትየው ትፁም አትፁም የሚለው የሐኪሟና የዓሊሟ ጉዳይ ነው።)

ስትፈልጉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አትጻፉ። ዋና ዋና ቃላቱን በትልልቅ ፊደል በተጻፈ «ኤንድ» አያይዟቸው፤ ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸውን በ«ኦር»። ተነጣጥለው እንዳይፈለጉ የምትፈልጓቸውን ቃላት በትምህርተ ጥቅስ ክተቱ። ውጤቱ በሺህ ከመጣ ቃል ጨምሩ፣ ባዶ ከሆነ ቀንሱ።

ጀርሕና ተዕዲልም አለ። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ1998ቱ የላንሴት ጽሑፍ በ2010 በመጽሔቱ ተሰርዟል፤ ፐብመድ ላይ ስትከፍቱት መሰረዙ በግልጽ ተጽፎበታል። ቴሌግራም ላይ በፒዲኤፍ የደረሳችሁ ቅጂ ግን ይህን ላይነግራችሁ ይችላል።

ትምህርታችሁ ሕክምና ካልሆነ ጄስቶር ለታሪክና ለማኅበራዊ ሳይንስ ይጠቅማል። በአፍሪካ ለሚታተሙ፣ የኛንም ጨምሮ፣ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፎችም በኢንተርኔት ይገኛሉ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው ደግሞ በክፍያ የተዘጉ መጽሔቶችን ለተመዘገቡ ተቋማት ይከፍታል፤ ግቢያችሁ መግቢያው እንዳለው የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውን ጠይቁ። ይህም ካልሆነ የደራሲው ኢሜል አብዛኛውን ጊዜ ጽሑፉ ላይ አለ። ማን እንደሆናችሁና ለምን እንደፈለጋችሁት በሦስት መስመር ጽፋችሁ ቅጂ ለምኑ። ከወር የግመል ጉዞ ይቀላል።