ዘፋኙ የጠፋበት ማዳመጫ

አንድ የክፍል ጓደኛችን ለፈተና የሚያጠናውን የተቀዳ ትምህርት ለመስማት አዲስ የጆሮ ማዳመጫ ገዝቶ በሞባይሉ ላይ ሰካ። የመምህሩ ድምፅ ግን ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ራቀበት። ዘፈን ቢሞክር ሙዚቃው አለ፤ ዘፋኙ የለም። «ተታለልሁ፤ የተበላሸ ሸጡልኝ» ብሎ ሊጥለው ሲል ደረስንበት። ዕቃው ግን ደኅና ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት የማዳመጫውን ጫፍ፥ ማለት ጃክ የሚባለውን፥ መመርመር ያስፈልጋል።

ጃክ በሞባይል አልተጀመረም። በ19ኛው መቶ ዓመት የቴሌፎን ሠራተኞች መስመርን ከመስመር የሚያገናኙበት መሰኪያ አያቱ ነው። የዚያ ዓይነቱ ጃክ ውፍረት 6.35 ሚሊ ሜትር ሲሆን የሞባይሉ 3.5 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7 ያለዚህ ቀዳዳ ወጣ፤ ሌሎችም ብዙ ስልኮች ትተውታል። ቀዳዳው ያላቸው ግን ዛሬም አሉ።

አንባቢ ሆይ፥ ጃኩን አስተውለህ ተመልከት። ብረቱን የሚከፋፍሉት ቀጫጭን ቀለበቶች ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ፕላስቲክ ናቸው። እነርሱ የለዩት እያንዳንዱ የብረት ክፍል ራሱን የቻለ መንገድ ነው። ሁለት ቀለበት ቢኖር ሦስት መንገድ፥ ሦስት ቀለበት ቢኖር አራት መንገድ አለ ማለት ነው። ጫፉ ለግራ ጆሮ፥ ተከታዩ ለቀኝ ጆሮ ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ ካልተመለሰ ሥራ ስለማይሠራ ለሁለቱም የሚያገለግል አንድ የጋራ መመለሻ አለ። አራተኛው መንገድ የማይክሮፎን ነው።

ችግሩ ያለው በመጨረሻዎቹ ሁለት መንገዶች ተራ ላይ ነው። ሲ.ቲ.አይ.ኤ. በሚባለው ሥርዓት ሦስተኛው መመለሻ፥ አራተኛው ማይክሮፎን ነው፤ ኦ.ኤም.ቲ.ፒ. በሚባለው ተራው ይገለበጣል። አብዛኞቹ የዛሬ ሞባይሎች የሚከተሉት የፊተኛውን ነው። ማዳመጫው የሁለተኛው ወገን ከሆነ ኤሌክትሪኩ ደኅናውን መመለሻ ያጣና በግራ ገብቶ በቀኝ ለመውጣት ይገደዳል። ለሁለቱ ጆሮዎች እኩል የተላከ ድምፅ ግን በሁለቱም በኩል እኩል ይገፋል። በአንድ በር ግራና ቀኝ ቆመው የሚገፉ ሁለት እኩል ጉልበተኞች በሩን እንደማያንቀሳቅሱት ሁሉ፥ ይህም ድምፅ አይንቀሳቀስም። ጎልቶ የሚሰማው የግራና የቀኝ ልዩነት ብቻ ነው። የዘፋኝና የመምህር ድምፅ ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ጆሮ እኩል ስለሚቀዳ አስቀድሞ የሚጠፋው እርሱ ነው።

መፈተኛው ቀላል ነው። በማዳመጫው ገመድ ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነህ ያዝ። ቁልፉ የማይክሮፎኑን መንገድ ከመመለሻው ጋር ያገናኛል። ስለዚህ ድምፁ ተመልሶ ከመጣ የመንገድ መገለባበጥ ነው እንጂ ብልሽት አይደለም፤ ሁለቱን መንገዶች የሚያዛውር ትንሽ አዳፕተር ይበቃል። ለውጥ ካላመጣ ጃኩ እስከ መጨረሻው መግባቱንና ቀዳዳው ውስጥ የኪስ አቧራ አለመጠራቀሙን ተመልከት፤ በግማሽ የገባ ጃክም ይህንኑ ድምፅ ያሰማልና።

ጓደኛችን ቁልፉን ቢጫን የመምህሩ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣለት። ማዳመጫውን ሊያስጥለው የነበረው ስለ አራት የብረት ክፍሎች አለማወቁ ነበር። እንግዲህ ያልገባንን ዕቃ ሁሉ ተበላሸ ለማለት አንቸኩል።