ከጉዳት በኋላ ምን ይቅደም?



በዚህ ዓመት የታሪክ መምህራችን አንድ ጥያቄ በሰሌዳው ላይ ጽፈው፥ «እስከሚመጣው ሳምንት አስባችሁበት ኑ» አሉን። ጥያቄውም፥ «አገር በጦርነት ከተጐዳች በኋላ መንግሥት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከሥራ ሁሉ የትኛውን ማስቀደም ይገባዋል?» የሚል ነበር። እኔም ብዙ ሳላስብ እጄን አንሥቼ፥ «ገንዘብ ነው፤ ግምጃ ቤቱ ባዶ የሆነ መንግሥት ምንም አይሠራም» ብዬ መለስሁ። መምህራችን ፈገግ ብለው፥ «መልስህን በጐጃም ታሪክ መዝነውና ተመለስ» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ ያን ጊዜ የመዘንሁት ነው።

አገራችን ከአምስቱ ዓመት የጠላት ወረራ ስትወጣ የነበረችበትን ሁኔታ በቅድሚያ ማወቅ ያስፈልጋል። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማ ተክለው ወደ ጐጃም ገቡ። ጦርነቱም በቡሬና በደምበጫ በኩል አልፎ ወደ ደብረ ማርቆስ ዘለቀ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገቡ። ነገር ግን ድል ማለት መንግሥት ማለት አልነበረም። የእንግሊዝ ጦር ሹማምንት አገሩን እንደ ተያዘ የጠላት ግዛት ለማስተዳደር ይፈልጉ ነበር፤ የጦር መሣሪያ በየሰዉ እጅ ተበትኗል፤ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ጠላት ፈጅቷቸዋል፤ በገበያም ማርትሬዛ ብር፥ የጣሊያን ሊሬና የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ተደባልቀው ይዘዋወሩ ነበር።

በዚህ ጊዜ የተደረጉትን ሥራዎች በተራ ብንመለከታቸው አራት ሆነው እናገኛቸዋለን።

አንደኛው፥ የመንግሥቱ ባለቤት ማን እንደ ሆነ መታወቁ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ በገቡ በስድስተኛው ቀን፥ ግንቦት 3 ቀን 1933 ዓ.ም.፥ ሚኒስትሮችን ሾሙ። እንግሊዞች ባይወዱትም ነገሩ ተፈጸመ። ጥር 23 ቀን 1934 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ደግሞ እንግሊዝ የኢትዮጵያን ነፃነት አውቃ፥ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሚሊዮን ተኩል፥ በሁለተኛው ዓመት አንድ ሚሊዮን ፓውንድ ለመስጠት ተስማማች።

ሁለተኛው ሕግ ነው። መጋቢት 21 ቀን 1934 ዓ.ም. የነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ። ቀድሞ አዋጅ በገበያ ነጋሪት እየተጐሰመ ይነገር ነበር፤ ጋዜጣው ስሙን የወሰደው ከዚሁ ነው። የተጐሰመ አዋጅ ሰሚው ሲሞት ይረሳል፤ የታተመ አዋጅ ግን ሹሙንም ሕዝቡንም እኩል ያስራል። በዚሁ ዓመት የባሪያ ንግድና ባርነት በአዋጅ ተከለከለ። የጠቅላይ ግዛት ሹማምንትም በደመወዝ እንዲተዳደሩ ተደነገገ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» በሚባልበት አገር ሹምን በደመወዝ ማሳደር ታላቅ ለውጥ መሆኑን ማንም ያስተውለዋል።

ሦስተኛው ገንዘብ ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ በ1935 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ደግሞ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጣ። እንግዲህ እኔ መጀመሪያ ነው ያልሁት ገንዘብ ከባለቤትነትና ከሕግ በኋላ መጣ ማለት ነው።

አራተኛው ትምህርት ነው። የሞቱትን ጸሐፊዎችና መምህራን የሚተካ ትውልድ እንዲገኝ ትምህርት ቤቶች ወዲያው ተከፈቱ፤ በ1935 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንዱ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሥርዓቱ የሚያስመሰግን ይመስላል። ነገር ግን እነዚህን ሁሉ ለማስኬድ ግብር ያስፈልግ ነበርና፥ ችግሩ በእኛ አገር በጐጃም የተገለጠው እዚህ ላይ ነው።

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ፥ በአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፥ በለም ጠፍ 10 ብር፥ በጠፍ 5 ብር እንዲከፈል አዘዘ። አንድ ጋሻ አርባ ሄክታር ያህል ነው። ቍጥሩን ብቻ ለሚያይ ሰው ይህ ቀላል ሒሳብ ነው። ዳሩ ግን የጐጃም መሬት በጋሻ የተለካ አልነበረም፤ ርስት ነበር። ርስት ማለት አንድ ሰው በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልዱን ቈጥሮ፥ መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ደርሶ፥ ከወገኖቹ ጋር ድርሻውን የሚያገኝበት ሥርዓት ነው። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አጥኚ በዚሁ በእኛ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህን ሥርዓት መርምሯል፤ መጽሐፉም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ታትሟል። እንዲህ ያለውን መሬት ለክቶ በአንድ ሰው ስም መጻፍ፥ ለሌሎቹ ወገኖች በሩን መዝጋት ማለት ነበር።

ስለዚህ ሕዝቡ እንቢ አለ። መንግሥትም ነገሩን አይቶ በ1937 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ጐጃም፥ ትግሬና በጌምድር እንደ ቀድሞው ልማዳቸው እንዲገብሩ ተወ። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ጠቡ ዳግመኛ ተነሣ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ ደግሞ በጐጃም ታላቅ ዐመፅ ሆነ፤ ጦር ሠራዊት ታዘዘ፥ አውሮፕላንም ቦምብ ጣለ፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዢው ተነሥቶ የቆየው የግብር ውዝፍ ተማረ።

አያቴ በዚያን ጊዜ ጐረምሳ ነበሩ። አንድ ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን፥ «አባባ፥ ለመሆኑ የፈራችሁት ግብሩን ነበር ወይስ ልኩን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፥ «ልጄ፥ ግብሩንስ ስንገብር የኖርን ነን። የፈራነው ገመዱን ነው። ገመድ ዘርግቶ የመጣ ሰው ገመዱን ብቻ ጠቅልሎ አይመለስም፥ መሬታችንንም አብሮ ይጠቀልለዋል አልን» አሉኝ። የ1960ው አዋጅ ስለ ገቢ እንጂ ስለ መሬት ልክ አልነበረም ብላቸው፥ «እሱን ማን መጥቶ ነገረን?» ሲሉ መለሱልኝ። ይህን በሰማሁ ጊዜ፥ ጋዜጣው የታተመበት ከተማና አዋጁ የሚፈጸምበት መንደር ምን ያህል እንደ ተራራቁ ገባኝ።

ጽሑፌን በክፍል ባነበብሁ ጊዜ አንዲት የክፍል ጓደኛዬ ተቃወመችኝ። «ግብር ካልተከፈለ መንገዱም፥ ሐኪም ቤቱም፥ ትምህርት ቤቱም በምን ይሠራል? ግብርን መቃወም በራስ ልጆች ላይ መፍረድ አይደለምን?» አለች። ክርክሯ እውነት ስላለበት ዝም ብዬ ልተወው አልችልም። መንግሥት ግብር አጥቶ ማስተዳደር አይችልም። ገበሬውም፥ የሚከፍለው ብር ወደ መንደሩ በመንገድና በትምህርት ተመልሶ ሲመጣ ካላየ አያምንም። እንግዲህ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ዘመን ያልፋል። ይህን ቋጠሮ መፍታት የሚችለው ማን ነው? እኔ እንደሚመስለኝ ጉልበት ያለው ወገን አስቀድሞ መስጠት አለበት፤ እርሱም መንግሥት ነው።

ለዚህም ሁለት ምስክር አቀርባለሁ። የመጀመሪያው ከሩቅ ነው። በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ ሰሎሞን ደሴቶች የምትባል ትንሽ አገር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ መሬት አንዱ ምክንያት በሆነበት ጠብ ተበጣበጠች። በ2003 በመንግሥቷ ጥያቄ በአውስትራልያ የሚመራ የጐረቤት አገሮች ኃይል ገባ። ያስቀደመውም ጠመንጃ መሰብሰብን ነው፤ ከዚያ የመንግሥቱን ሒሳብ ማስተካከል ተከተለ። ሰላሙ ተገኘ። ነገር ግን የጠቡ ሥር ሁሉ አልተነቀለም ነበርና በ2006ና በ2021 በዋና ከተማዋ በሆኒያራ ሁከት ተነሥቶ ሱቆች ተቃጠሉ። የአጭር ጊዜ ሥራ ቁስሉን ያስራል፤ መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው።

ሁለተኛው ምስክር ከደጃችን ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነና የቀድሞው የርስት ሥርዓት ቀረ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደግሞ በክልላችን የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ይሰጥ ጀመር። በዚያም ጊዜ መሬት ተለካ፤ በብዙ ቦታ የተለካውም በገመድና በሜትር ነው። ታዲያ አያቶቻችን ጠመንጃ ያነሡበት ነገር አሁን ስለ ምን ሊሆን ቻለ? ሕዝቡ የመረጣቸው የቀበሌ ሰዎች ድንበሩን ከጐረቤት ጋር እየዞሩ አዩት፤ የባልም የሚስትም ስም ተጻፈ፤ ደብተሩም በገበሬው እጅ ቀረ። አያቴ ያን ደብተር በሣጥን ቈልፈው ያኖሩታል። ገመዱ ያው ገመድ ነው፤ ልዩነቱ ያን ጊዜ ሊወስድ እንደ መጣ ታመነ፥ አሁን ግን አንድ ነገር ሰጥቶ ሄደ።

እንግዲህ ለመምህሬ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ ይህ ነው። አስቀድሞ ጸጥታና የታወቀ ባለቤት፤ ቀጥሎ ለሹምም ለገበሬም አንድ የሆነ ሕግ፥ እርሱም እስከ መንደር ወርዶ በቃል የሚያስረዳው ሰው ያለው፤ ከዚያም ሕዝቡ በዓይኑ የሚያየው ጥቂት ሥራ፤ ግብር በዚህ ላይ ይከተላል። ገንዘብ አያስፈልግም አልልም፤ እምነት ሳይኖር የሚሰበሰብ ገንዘብ ግን የሚሰበሰብበትን ያህል ለጦር ይወጣል እላለሁ።

ይህ ጥያቄ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ ብዙ እኩዮቻችን ከደብተርና ከእርሳስ ተለይተዋል። ነገ አገር የሚጠግኑ ሹማምንት፥ መሐንዲሶችና መምህራን ከእኛ መካከል ይወጣሉና፥ ወላጆቻችን የሚያስታውሱትን ሳይረሱት እንዲነግሩን፥ እኛም ቁጭ ብለን እንድንጠይቃቸው አሳስባለሁ። እኔ ከጋዜጣው ያላገኘሁትን ከእሳቱ ዳር አግኝቻለሁና።