ዕቁብ ያልሆነ ዕጣ፦ ልጆቻችን በኢንተርኔት ጨዋታ ላይ ለምን ይበሳጫሉ?



ስለ ስኳር በሽታ ወይም ስለ ደም ግፊት ስንጽፍ ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የዛሬው ርእስ ግን ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ልጁ በሩን ዘግቶ በኮምፒውተር ስለሚጫወተው ጨዋታ እንነጋገራለን። ለሥራ ቤት ለቤት ስዞር ከእናቶች ደጋግሜ የምሰማው እንዲህ የሚል ነው፦ «ማታውን ሙሉ ይጫወትና ጠረጴዛውን ይመታል፤ እራት አልበላም ይላል። ተሸነፍክ ወይ ስለው አሸነፍኩ ይለኛል። ሰው አሸንፎ እንዴት ይናደዳል?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስም አለው። መልሱን ለማግኘት ግን ጨዋታው እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ «ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት» የሚባለውን እንውሰድ። ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2004 ያወጣው ሲሆን እስከ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ይጫወተዋል። ሙሉውን ለመጫወት በየወሩ ይከፈላል። በአሜሪካ ዋጋው በወር 15 ዶላር ገደማ፣ በዓመት 180 ዶላር ገደማ ነው። ተጫዋቾቹ ብዙውን ጊዜ በቡድን ሆነው ኃይለኛ ጭራቆችን ይገጥማሉ። ጭራቁ ሲወድቅ ምርኮ ይጥላል፤ ሰይፍ፣ የራስ ቁር ወይም የሚጋለብ ፈረስ ሊሆን ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ጭራቁን የሚጥለው የልጁ ችሎታ ነው፤ ምርኮው ምን እንደሚሆን የሚወስነው ግን ዕጣ ነው።

ከእነዚህ ምርኮዎች አንዱ «ኢንቪንሲብል» የሚባል ክንፍ ያለው ፈረስ ነው። ስሙ «የማይሸነፍ» ማለት ነው። ተጫዋቾች ቆጥረው እንደ ደረሱበት ከ100 ሙከራ በአንዱ ገደማ ይወጣል። ፈረሱን የሚጥለውን ጭራቅ መግደል ዛሬ ለለመደ ተጫዋች ቀላል ነው። ነገር ግን በአንድ ገጸ ባሕርይ መሞከር የሚቻለው በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የአውሮፓ ተጫዋቾች ዕድላቸው የሚታደሰው በየሳምንቱ ረቡዕ ነው። ልጃችሁ ረቡዕ ማታ ፊቱ የሚከብድ ከሆነ ምናልባት ምክንያቱ ይህ ይሆናል።

አሁን ዕቁብን አስቡ። መቼም ዕቁብ የማያውቅ በመካከላችን የለም። በዕቁብ ዕጣ የወጣለት ሰው ስሙ ከዕጣው ይወጣል። ስለዚህ ተራው የዘገየበት ሰው ቢያዝንም በመጨረሻ እንደሚደርሰው ያውቃል። እያንዳንዱ ዙር ወደ ተራው ያቀርበዋል። ልጁም ጨዋታውን የሚያስበው እንደ ዕቁብ ነው። «90 ጊዜ ሞክሬያለሁ፣ አሁን ደርሷል» ይላል። ጨዋታው ግን ዕቁብ አይደለም። የተሳበው ዕጣ በየጊዜው ወደ ከረጢቱ ይመለሳል። 90 ጊዜ የለፋውም ትናንት የጀመረውም ልጅ ነገ ያላቸው ዕድል እኩል ነው፤ ከ100 አንድ። ከረጢቱ ማን ስንት ጊዜ እንደ ሞከረ አያስታውስም።

ሒሳቡን ስንሠራው ይበልጥ ይገርማል። 100 ልጆች እያንዳንዳቸው 100 ጊዜ ቢሞክሩ 37 ያህሉ ምንም ሳያገኙ ይቀራሉ። 200 ጊዜ ቢሞክሩ እንኳን 13 ያህሉ ባዶ እጃቸውን ናቸው። በሳምንት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሞክር ልጅ በዓመት 52 ጊዜ ይሞክራል። እንዲህ ካሉ 100 ልጆች 59 ያህሉ ዓመቱ ሲያልቅ ፈረሱን አላገኙም፤ የወሩን ክፍያ ግን 12 ጊዜ ከፍለዋል። ስለዚህ ባዶ እጁን የቀረው ልጅ ሰነፍ ወይም ዕድለ ቢስ ሆኖ አይደለም። ከብዙዎቹ አንዱ ነው።

ታዲያ ለምን አይተወውም? በነርስነት ትምህርት ይህን ጉዳይ የምንማረው ስለ ቁማር ሱስ ስንማር ነው። ስኪነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ ከባልደረባው ከፈርስተር ጋር በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ በእርግቦች ላይ የተደረጉ ብዙ ሙከራዎችን አቅርቧል። እርግቧ ምግብ የምታገኘው ስንት ጊዜ በምንቃሯ ከመታች በኋላ እንደሆነ አስቀድማ ማወቅ ካልቻለች ያለ ዕረፍት መምታቷን ትቀጥላለች። ምግቡ ከቆመም በኋላ ቶሎ አትተውም። የቁማር ማሽንም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። የሚመጣበት ጊዜ የማይታወቅ ሽልማት አእምሮን እንደ ደመወዝ ያለ ቁርጥ ነገር ከሚይዘው ይበልጥ አጥብቆ ይይዘዋል።

በቡድን ሲሆን ደግሞ ሌላ ቁስል ይጨመራል። ከሌሎች ጋር እኩል የለፋ ልጅ ምርኮው በመጀመሪያ ቀኑ ለመጣ ጓደኛው ሲወጣ ያያል። የሚያናድደው ማጣቱ ብቻ ሳይሆን ድካሜ አልተቆጠረልኝም የሚለው ስሜት ነው። በእኔ አስተያየት ይህን ስሜት መናቅ አይገባም። ኩባንያውም ራሱ ቅሬታውን አውቆታል። በ2013 በአንዳንድ ተጨማሪ ዕጣዎች ላይ ሙከራው በከሸፈ ቁጥር ዕድሉ ከፍ እንዲል አደረገ። በ2020 ደግሞ ተጫዋቹ በየሳምንቱ ከቀረቡለት ዕቃዎች አንዱን የሚመርጥበት ሣጥን ጨመረ። ይህ ግን በሁሉም ዕቃ ላይ አይሠራም።

ስለዚህ ልጁ ሲበሳጭ «ለጨዋታ ብለህ ነው?» ከማለት «ስንት ጊዜ ሞከርክ?» ብላችሁ ጠይቁት። ቁጥሩን ያውቀዋል፤ በደስታም ይነግራችኋል። አያቶችም ሊረዱ ይችላሉ። 99 ነጭ ቦሎቄና አንድ ቀይ ቦሎቄ በከረጢት ጨምሩ። ልጁ ሳያይ አንድ ያውጣ፤ ከዚያ መልሶ ይክተተው፤ ደግሞ ያውጣ። ዕጣው እንደማያስታውሰው ከምክር ይልቅ እጁ ያስረዳዋል። በጨዋታው መካከል ኮምፒውተሩን መንቀል ግን አይበጅም፤ ቡድኑን ጥሎ ሲወጣ በጓደኞቹ ፊት ያፍራልና። የሚያቆምበትን ሰዓት ከመጀመሩ በፊት ተስማሙ። እንቅልፍ ያጣ ልጅ የሚበሳጨው በጨዋታው ብቻ አይደለም።

መበሳጨት ብቻውን በሽታ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የጨዋታ ሱስን በ2019 ባጸደቀውና ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። የሚታዩት ምልክቶች ሦስት ናቸው። ልጁ ጨዋታውን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ጨዋታው ከትምህርትም ከምግብም ከሰውም ይቀድምበታል፤ ጉዳቱ እየታየም ይቀጥላል። ይህ በኑሮው ላይ ከባድ ችግር እያመጣ ብዙውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ከቆየ ነው እንደ በሽታ የሚታየው። ጥርጣሬ ካላችሁ ግን ዓመት አትጠብቁ። በኩፓት ሆሊም ያለውን የቤተሰብ ሐኪማችሁን ወይም ነርሷን አማክሩ። ዕብራይስጥ ካስቸገራችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ እንጂ ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። ስለ ራሱ የሚነገረውን ሁሉ አሟልቶ ይተረጉማል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል፤ ለእሱም ከባድ ሸክም ነው።

በመጨረሻ ስለ ገንዘቡ። ዕጣው ያስመረረው ልጅ «ፈረሱ ያለበትን አካውንት እንሸጥልህ» በሚሉ እንግዶች ሊታለል ይችላል። እንዲህ ያለው ሽያጭ በኩባንያው ደንብ የተከለከለ ነው፤ የካርዳችሁ ቁጥርም በማይታወቅ ሰው እጅ ይገባል። የክሬዲት ካርዱ ዝርዝር በየወሩ ሲመጣ አንድ በአንድ ተመልከቱት፤ የማታውቁት ክፍያ ካለ ልጁን በእርጋታ ጠይቁት። ጨዋታውን ከኮምፒውተሩ መሰረዝ ክፍያውን አያቆመውም። ክፍያው በየወሩ ራሱን ያድሳል። ልጁ አካውንቱን ከፍቶ ወርሃዊ ክፍያውን ሲሰርዝ አጠገቡ ተቀመጡ፤ በሚቀጥለው ወር ዝርዝሩን እንደገና ተመልከቱ።