የሚነሣውና የሚተኛው የፊት መብራት፦ ብልሽቱ እንዴት ይመረመራል?

አንዳንድ የቆዩ የስፖርት መኪናዎች የፊት መብራታቸው ቀን ቀን በአካላቸው ውስጥ ተደብቆ ይውልና ሲመሽ እንደ ዐይን ተገልጦ ብቅ ይላል። ይህ አሠራር ቀደም ብሎ ከታየባቸው መኪናዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1936 ዓ.ም. በአሜሪካ የተሠራው ኮርድ 810 ሲሆን፣ መብራቶቹን የሚያነሣቸው ነጂው በእጁ የሚያዞረው መዘውር ነበር። በብዛት በሚመረቱ መኪናዎች ላይ እ.ኤ.አ. ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ቀርቷል። ያም ሆኖ በርካቶቹ ዛሬም በመንገድ ላይ ናቸው፤ ሽቦዎቻቸውና መገናኛዎቻቸውም ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ናቸው። ባለቤቱ አመሻሹ ላይ ማብሪያውን ሲጫን አንዱ መብራት ብቅ ብሎ ሌላው ተኝቶ ቢቀር፣ የመጀመሪያ ሐሳቡ አዲስ ሞተር መግዛት ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን አንድ መልቲሜትርና የኦም ሕግ ብዙ ነገር ሊነግሩት ይችላሉ።

ለምሳሌ የምንወስደው እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. በቺካጎ የመኪና ትርኢት ለሕዝብ የቀረበውንና እስከ 1997 ዓ.ም. የተመረተውን የመጀመሪያውን ማዝዳ ኤም ኤክስ-5 ነው። በዚህ መኪና እያንዳንዱ መብራት የራሱ አነስተኛ ሞተር አለው። ሞተሩ ፍጥነቱን በጥርሶች አማካይነት ቀንሶ አንዲት አጭር ክንድ ያዞራል፤ ክንዷም በዘንግ አማካይነት መብራቱን ታነሣለች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። ሞተሩ ለማንሣት ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ለማስተኛት ወደ ተቃራኒው የሚዞር ይመስላል፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚዞረው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው። ክንዷ ግማሽ ዙር ስትዞር መብራቱ ይነሣል፤ ቀሪውን ግማሽ ስትዞር ይተኛል።

ታዲያ በግማሽ ዙር ላይ ማን ያቆመዋል? በሞተሩ ማቀፊያ ውስጥ ከክንዷ ጋር አብሮ የሚዞር ክብ የመዳብ ሰሌዳ አለ። በሰሌዳው ላይ ትንንሽ የብረት ምላሶች ይንሸራተታሉ፤ ሰሌዳው በአንድ በኩል መዳብ የሌለበት ክፍተት አለው። “ተነሥ” የሚለው ጅረት በአንዱ ምላስ በኩል ይገባል፤ ክንዷ ግማሽ ዙር ስትጨርስ ያ ምላስ ክፍተቱ ላይ ይወድቅና ጅረቱ ይቋረጣል። “ተኛ” የሚለው ምላስ ግን በዚያች ሰዓት መዳቡን ነክቶ ተራውን ይጠብቃል። ያለ አንዳች ኮምፒዩተር የሚሠራ፣ እጅግ የሚያረካ ብልሃት ነው።

ወደ ምርመራው እንግባ። እጅን ወደ መብራቱ ከመስደድ አስቀድሞ በሞተር ክፍሉ የፊውዝ ሳጥን ውስጥ የሚገኘውን የማንሻውን 30 አምፔር ፊውዝ መንቀል የግድ ነው፤ ዘንጉ ጣት ለመጨፍለቅ የሚበቃ ኃይል አለውና። ፊውዙ ከተነቀለ በኋላ በሞተሩ ላይ ያለውን የጎማ ክዳን አንሥቶ ከሥሩ ያለችውን የእጅ ማዞሪያ በማዞር መብራቱን ማንሣት ይቻላል። የአምፖሎቹ ጅረት በሌላ ፊውዝ ስለሚያልፍ፣ መብራቱ በዚሁ ሁኔታ ይበራል፤ መንገድ ላይ የመሸበት ሰውም ወደ ቤቱ ይገባል።

ሁለቱም መብራቶች ካልተንቀሳቀሱ ሁለት ሞተሮች በአንድ ምሽት ሞቱ ማለት ለማመን ያስቸግራል። ስለሆነም ጥርጣሬው ሁለቱ በሚጋሩት በፊውዙ፣ በሪሌውና በማብሪያው ላይ ያርፋል። አንዱ ብቻ ከቀረ ደግሞ የጋራው ክፍል ነጻ ነው፤ ችግሩ በዚያው ወገን ባለው ሞተር፣ በሽቦ መገናኛው ወይም ጅረቱ ወደ ባትሪው በሚመለስበት፣ በተለምዶ ግራውንድ በሚባለው መስመር ላይ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚታለለው በዚህ ቦታ ነው። መገናኛውን ይነቅላል፤ መልቲሜትሩን በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ያደርጋል፤ 12 ቮልት ያነባል፤ “ሽቦው ደህና ነው፣ ሞተሩ ተቃጥሏል” ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ትክክል አይደለም። የግራውንዱ መገናኛ ዝጎ 0.5 ኦም ሬዚስታንስ አበጅቷል እንበል። የመልቲሜትሩ የውስጥ ሬዚስታንስ ብዙውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ስለሆነ በመስመሩ የሚያልፈው ጅረት ከምንም አይቆጠርም፤ በዝገቱ ላይ የሚጠፋው ቮልቴጅም ከአንድ ማይክሮቮልት ያንሳል። መሣሪያው ዝገቱን ሊያየው አይችልም።

አሁን ሞተሩን እንመልሰው። ሊነሣ ሲል ሬዚስታንሱ 1 ኦም ነው ብለን ብናስብ፣ በደህና መስመር 12 አምፔር ይስባል። ዝገቱ ሲጨመርበት ጠቅላላው 1.5 ኦም ይሆንና ጅረቱ ወደ 8 አምፔር ይወርዳል። ሞተሩ የሚያገኘው 8 ቮልት ብቻ ነው፤ ቀሪው 4 ቮልት በዝገቱ ላይ ይቀራል፤ በዚያች ጠባብ ቦታም 32 ዋት ሙቀት ይፈጠራል። የሞተሩ የመጠምዘዝ ጉልበት ከጅረቱ ጋር ስለሚመጣጠን ከሦስት እጅ አንዱን አጥቷል። በበጋ ቀን እየተንቀራፈፈ ይነሣ ይሆናል፤ ግራሶው በጠጠረበት ብርድ ግን ይቀራል።

እንግዲህ ልኬቱ መወሰድ ያለበት ጅረት እየፈሰሰ ነው። መገናኛው እንደተሰካ የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ የግራውንድ ሽቦ ላይ አድርጎ ረዳት ማብሪያውን እንዲጫን ማድረግ ነው። ንባቡ ለዜሮ የቀረበ ከሆነ መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቮልት ካሳየ ጥፋተኛው ተገኘ፤ መድኃኒቱም የብርጭቆ ወረቀት ነው። በፖዘቲቩ በኩልም እንዲሁ ይለካል። መብራቱ ተይዞ ከቀረ ግን ማብሪያውን ቶሎ መልሶ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ መዞር ያቃተው ሞተር ከሁሉ የበለጠ ጅረት የሚስበው ያኔ ነው።

መስመሩ ደህና ሆኖ መብራቱ መንገድ ላይ ከቆመ፣ በእጅ ማዞሪያዋም ጥቂት ሲገፋ ጉዞውን ከቀጠለ፣ የመዳቡ ሰሌዳ ቆሽሿል። ሳያቋርጥ ሲነሣ ሲተኛ የሚውል ከሆነ ደግሞ ክፍተቱ በመዳብ ብናኝ ተሞልቶ ይሆናል፤ ወይም ሪሌው ተጣብቋል። ሞተሩ እየጮኸ መብራቱ ንቅንቅ ካላለ ጥርሱ ተበልቷል፤ መልቲሜትር እዚህ አያስፈልግም።

ሰሌዳው በአልኮል ተጠርጎ፣ የዘንጉ መጋጠሚያዎች አዲስ ግራሶ ተቀብተው ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ፊውዙ ይመለሳል። በዚያች ቅጽበት ማብሪያው በየትኛው በኩል እንደነበር ካላስታወስን መብራቱ ወዲያው ሊነሣ ወይም ሊተኛ ስለሚችል፣ ቀድሞ እጅና መሣሪያ ከዘንጉ አካባቢ መራቃቸውን ማየት ይገባል።