በተከታታይ ጥናት መረጃ ሥልጠና ያልተገኙ ሕፃናት ጉዳይ
ያንግ ላይቭስ የተሰኘው ጥናት በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ሕፃናትን ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተለያዩ ዙሮች ተከታትሏል። ይህን መሰል መረጃ የሚጠቀሙ ተመራማሪዎች ሥልጠና ከስሌት አስቀድሞ አንድ ጥያቄ ሊያስለምድ ይገባል፦ በዚህ ዙር ያልተገኘው ማን ነው?

ለምሳሌ፣ አሥር ተማሪዎች በመጀመሪያው ዙር ፈተና በአማካይ 50 ነጥብ አገኙ እንበል። እያንዳንዳቸው 30 ያገኙ ሁለት ተማሪዎች በቀጣዩ ዙር ባይገኙ፣ የተገኙት ስምንቱ ምንም ሳይሻሻሉ አማካዩ 55 ይሆናል።

ስለዚህ ሠልጣኙ ዙሮቹን በሕፃናቱ መለያ ቁጥር ካያያዘ በኋላ፣ ያልተገኙትን ከመሰረዙ በፊት የቀድሞ ውጤታቸውንና የቤተሰባቸውን ኑሮ ከተገኙት ጋር ሊያነጻጽር ይገባል። ይህ ካልተደረገ የደካማ ተማሪዎች ከጥናቱ መውጣት የትምህርት ጥራት መሻሻል ሆኖ ይነበባል፤ ድጋፍ የሚሹትም ከስሌቱ ውጭ ይቀራሉ።