የዶክቶሬት ርዳታና የምርምር ጥበቃ፦ ለአመልካች ተማሪዎች

ስለ ከፍተኛ ትምህርት በተነሣ ቍጥር እርስ በርሳችን የምንጠያየቀው «ገንዘቡን ማን ይሰጣል?» እያልን ነው። ገንዘብ ሰጪዎቹ ግን በበኩላቸው የሚጠይቁን አለ፤ ይኸውም፦ «ከዚህ ቀደም ከማን ጋር ሠራችሁ? ዛሬስ ማን ይረዳችኋል? የምትቀስሙት ዕውቀት ኋላ በማን እጅ ይገባል?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ የምርምር ጥበቃ ይባላል። ብዙዎቻችን የምንደርስበት በመጨረሻው ሰዓት ስለሆነ፣ ምንነቱንና አመላለሱን ከዚህ በታች እናስረዳለን።

1ኛ/ ስለ ገንዘቡ

አስቀድሞ ገንዘቡ በየትኛው በር እንደሚገኝ መለየት ያስፈልጋል። በብሪታንያ የመንግሥት የምርምር ምክር ቤቶች የዶክቶሬት ርዳታ እ.ኤ.አ. ከ2021 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለውጭ አገር ተማሪዎችም ተከፍቷል፤ ሆኖም ቍጥራቸው ከመቶ 30 እንዳይበልጥ ተወስኗል። በአሜሪካ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የድኅረ ምረቃ ፌሎሺፕ ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ስለሆነ፣ የውጭ አገር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚረዳው በረዳት መምህርነት ወይም ፕሮፌሰሩ ባገኘው የምርምር ገንዘብ ነው። ስለዚህ ማመልከቻ ከመጻፋችን በፊት የምንመርጠውን መምህር ሥራዎች ማንበብ ይገባናል። የምርምር ዕቅዳችንም አራት ነገሮችን በግልጽ ይመልስ፤ ጥያቄው ምንድን ነው? በምን ዘዴ ይጠናል? ስንት ጊዜ ይፈጃል? ውጤቱስ ማንን ይጠቅማል?

2ኛ/ ስለ ጥበቃው

የብሪታንያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2007 አታስ የተባለ የፈቃድ ሥርዓት አቋቋመ። በአንዳንድ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪ፣ የምሕንድስናና የኮምፒዩተር ዘርፎች ለዶክቶሬት የሚሄድ የውጭ አገር ተማሪ፣ ዕውቀቱ ለጦር መሣሪያ ሥራ እንዳይውል ተመርምሮ የምስክር ወረቀት ካላገኘ ቪዛ አይሰጠውም። ማመልከቻው ክፍያ የለውም፤ ነገር ግን ሳምንታት ይፈጃልና የመቀበያ ደብዳቤ እንደ ደረሰን ወዲያው መጀመር ነው። ወረቀቱ የሚያገለግለው ለተጻፈበት ዩኒቨርሲቲና ለተጻፈበት ጥናት ብቻ ነው።

አሜሪካዊው፣ ጃፓናዊውና የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ከዚህ ምርመራ ነፃ ናቸው፤ ኢትዮጵያዊው ግን አይደለም። ሰው በፓስፖርቱ መመዘን አለበት ወይ? ብሎ መከራከር ተገቢ ነው። ነገር ግን የክርክሩ ቦታ የማመልከቻው ቅጽ አይደለም።

በአሜሪካም እ.ኤ.አ. በጥር 2021 በወጣው የፕሬዚዳንት መመሪያ መሠረት፣ የመንግሥት የምርምር ገንዘብ የሚጠይቅ ተመራማሪ ከየትም የሚያገኘውን ርዳታና የያዘውን ሹመት እንዲገልጽ ይፈለጋል። የሃርቫርዱ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቻርልስ ሊበር እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 በፍርድ ቤት ጥፋተኛ የተባሉት ምስጢር ሰርቀው አይደለም፤ ከቻይና ጋር ስለነበራቸው ግንኙነት ለመንግሥት መርማሪዎች ሐሰት በመናገራቸውና ከዚያ ያገኙትን ገቢ ለግብር ባለማስታወቃቸው ነው። እንግዲህ ትልቁ ትምህርት ይህ ነው፦ የሚጥለን ከማንም ጋር መሥራታችን ሳይሆን የሠራነውን መደበቃችን ነው።

3ኛ/ እንዴት እንመልስ?

ሀ) የተቀበልነውን ርዳታ፣ በውጭ መንግሥት የተሰጠንን አጭር ሥልጠናና የትርፍ ጊዜ ሥራችንን ሳይቀር እንዘርዝር። በመከላከያ መሥሪያ ቤት የሠራን ብንኖር የሠራነውን ሥራ ዓይነት በሁለት መስመር እናስረዳ።

ለ) ዘመን አቈጣጠራችንን እናስተካክል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው «2015» ብሎ ቢጽፍ፣ መርማሪው የሚያየው በእነርሱ አቈጣጠር የስምንት ዓመት ባዶ ነው፤ ትክክለኛው 2023 ነው። የአባትና የአያት ስማችንም በፓስፖርቱ፣ በዲፕሎማውና በቅጹ ላይ አንድ ዓይነት ፊደል ይኑረው።

ሐ) ጥናታችን ለሁለት ነገር የሚውል ከሆነ አናድበስብሰው። ለሰብል መድኃኒት የሚረጭ ድሮን የሚሠራ ተማሪ «የእርሻ ጥናት» ብሎ ቢያልፍ ጥርጣሬ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላልና፣ ከመጥራቱ በፊት እኛው ቀድመን እንናገር።

4ኛ/ የእኛስ ዕውቀት?

ጥበቃ የሚያስፈልገው የባለጸጋ አገሮች ላቦራቶሪ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ስለ ጤፍ ዘር ስምምነት የተፈራረመ አንድ የሆላንድ ኩባንያ፣ በጤፍ ዱቄት አዘጋጃጀት ላይ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ ፈጠራ የለበትም በማለት የሆላንዱን መብት ሻረው። እስከዚያ ድረስ ግን እናቶቻችን የሚያቦኩት ዱቄት በባዕድ አገር ባለቤት ወጥቶለት ከረመ። በአገራችንም አዋጅ ቍጥር 482/1998 የዘር ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ፈቃድ እንዳይወጣ ይደነግጋል።

ስለዚህ የዘር ናሙና፣ የባህል መድኃኒት ወይም የሕዝብ መረጃ ይዘን የምንሄድ ሁሉ፣ የእነርሱን ቅጽ ከመሙላታችን በፊት የአገራችንን ፈቃድ እናውጣ፤ ከአማካሪያችንም ጋር ውጤቱ የማን እንደሚሆን አስቀድመን በጽሑፍ እንስማማ። የሌላውን ዕውቀት በታማኝነት የሚጠብቅ ተማሪ የራሱንም አሳልፎ አይሰጥም።