«ደበረኝ» ማለት ምን ማለት ነው?

በከተማችን በጭሮ «ደበረኝ» የሚለው ቃል በቀን ስንት ጊዜ እንደሚነገር ለማወቅ አንድ ሳምንት ልቈጥር ጀምሬ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን ቍጥሩ ስለ በዛብኝ ተውሁት። መብራት ሲጠፋ ደበረኝ፤ የሒሳብ ትምህርት ሲረዝም ደበረኝ፤ ከሰዓት በኋላ ጫት ያጣም ሰው ደበረኝ ይላል። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ጓደኛዬ «ደብሮኛል» ባለችኝ ጊዜ «እኔንም ደብሮኛል» ብዬ መልሼላት ወደ ክፍል ገባሁ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ ያ መልሴ ነው።

ጓደኛዬ የሂርና ልጅ ናት። እንደ ብዙዎቹ ከሩቅ እንደሚመጡ ተማሪዎች በጭሮ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ስንቅ ከቤቷ እየተላከላት ትማር ነበር። በቤቷ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነው። እዚህ አማርኛ ስትናገር አንዳንዶቻችን በአነጋገሯ እንስቅ ነበር፤ እኔም ከሳቂዎቹ አንዷ ነበርሁ። ለዕረፍት ወደ ሂርና ስትመለስ ደግሞ የሰፈሯ ልጆች «ከተሜ ሆነሻል» ይሏታል። በሁለቱም ስፍራ ዝም ማለት ጀመረች።

የእኔም ነገር ከእርሷ ብዙ አይሻልም። አባቴ ኦሮሞ፣ እናቴ አማራ ስለ ሆኑ «አንቺስ ምንድን ነሽ?» ስባል የጠያቂዬን ፊት አይቼ እመልሳለሁ። ከተማችንም ብትሆን ሁለት ስም አላት፤ ሽማግሌዎች አሰበ ተፈሪ ይሏታል፣ እኛ ጭሮ እንላታለን። አሰበ ተፈሪ የሚለው ስም ራስ ተፈሪን የሚያስታውስ ነው። ከተማዋን በማቅናት ስማቸው የሚነሣው የጨርጨር ገዥ የነበሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር፣ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን የጻፉትም እኒሁ ሰው ናቸው። የመኳንንቱን ጥፋት በአውሬ እያስመሰሉ ስለ ነቀፉ ቴአትሩ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ሰው የራሱን ነገር ከአውሬ አፍ ሲሰማው ቶሎ አይቈጣም፤ ሹም ካልሆነ በቀር።

የእኛ ዘመን አውሬዎች ደግሞ በቴሌቪዥንና በስልክ ይታያሉ። ድመቱን ቶምንና አይጡን ጄሪን የፈጠሩት ዊሊያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው፤ የመጀመሪያው ፊልማቸው እ.ኤ.አ. በ1940 ወጣ። በዚያ ፊልም ድመቱ ጃስፐር ይባል ነበር፤ ቶም የተባለው ኋላ ነው። (እንግዲህ እርሱም እንደ ከተማችን ሁለት ስም ነበረው ማለት ነው።) ሁለቱ የሚነጋገሩት እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው፤ ነገሩን የሚገልጸው ሙዚቃውና የሳሕኑ መሰበር ነው። ስለዚህ የሂርናም፣ የገለምሶም፣ የሚኤሶም ልጅ አስተርጓሚ ሳይፈልግ እኩል ይስቃል።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። አንድ ቀን አከራይዋ እማማ መንገድ ላይ አስቁመውኝ፣ «ልጄ፣ ይህች ልጅ እንጀራ መቍረስ ከተወች ሰነበተች፤ ሌሊትም አትተኛም» አሉኝ። ሄጄ «አይዞሽ፣ በርቺ፣ ካንቺ የባሰ አለ» አልኋት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። በማግስቱ ምክሬን ቤቴ ትቼ የአባቴን ስልክ ይዤ ሄድሁና አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ቶምና ጄሪን ከፈትሁ። ሁለቱን ፊልሞች ዝም ብላ አየች። በሦስተኛው ቶም በመጥረጊያ ሲመታ ትንሽ ፈገግ አለች። ከዚያ በኋላ በአፋን ኦሮሞ ትነግረኝ ጀመር። እኔም በአባቴ ቋንቋ፣ በተሰባበረው፣ መለስሁላት። እያረመችኝ ሳቀችብኝ፤ የሚገባኝም ነበር።

ካርቱን መድኃኒት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ሐኪሞች ድብርት የሚሉት ሕመም ከአንድ ቀን መከፋት የተለየ ነው። ኀዘኑ ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ የነበረውን ሁሉ መጥላቱ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይዞ ይቈያል፤ እንቅልፍና ምግብ ይዛባል፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ይላል፣ ሰው ራሱን ዋጋ ቢስ አድርጎ ይቈጥራል። ስንፍና አይደለም፤ በንግግር ሕክምናም በመድኃኒትም ይታከማል። እኔ በዚያ ቀን «ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል ወይ?» ብዬ ጠየቅኋት፤ ከአፌ ከወጣ በኋላ ፈራሁ። ኋላ እንደ ተረዳሁት፣ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ያልነበረን ሐሳብ በሰው ልብ አይዘራም፤ የታፈነውን እንዲናገር በር ይከፍትለታል እንጂ። «አዎ» ብትለኝ ኖሮ ለደቂቃ እንኳ ብቻዋን መተው አይገባኝም ነበር። አላለችም። ነገር ግን እማማ ለእናቷ ደወሉላትና በሦስተኛው ቀን አራታችን ወደ ሐኪም ሄድን።

በዚምባብዌ ዶክተር ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 የጀመሩት ሥራ አለ። ሠልጥነው የተመደቡ አሮጊቶች በጤና ጣቢያ ግቢ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ሰው ያዳምጣሉ። ሕመሙን በአገሩ በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ»፣ አብዝቶ ማሰብ፣ ይሉታል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ እማማ ትዝ አሉኝ፤ እርሳቸውም ስለ ጓደኛዬ ያሉት «ሐሳብ አበዛች» ነበርና።

ጓደኛዬ ዘንድሮ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል ትማራለች። መድኃኒቷን እስከ አሁን ትወስዳለች፤ የከፋትም ቀን አይጠፋም። እኔም ሰው «ደበረኝ» ሲለኝ «ከመቼ ጀምሮ?» ብዬ መጠየቅ ልማድ ሆኖብኛል። ብዙዎቹ «አሁን፣ መብራት ሲጠፋ» ይሉኛል። ባለፈው ወር ግን አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ይህን ብጠይቀው ጥቂት አሰበና «ከመስከረም ጀምሮ» አለኝ፤ ደወሉ ቢደወልም ከተቀመጥንበት አልተነሣንም።